ለቆቅ፣ ለጅግራና ለሌሎች የአደን ወፎች ተጨማሪ መኖ ማቅረብ፦ ከእህል ምርጫ እስከ መመገቢያው አሠራር

የአደን ወፍ የሚራበው አደን በተከፈተበት ሰሞን አይደለም። በዚያን ጊዜ በየማሳው የወዳደቀ እህል፣ በየቁጥቋጦው የበሰለ ፍሬ፣ በየሣሩ ሥር የረገፈ ዘር ሞልቷል። ችግሩ የሚመጣው ጠመንጃው ከተሰቀለ በኋላ ነው። በብርዳማ አገር የብርዱ ወራት ሊያልቁ ሲሉ፣ በደረቅ አገር ደግሞ በበጋው ማብቂያ፣ አሮጌው ዘር ያልቃል፤ አዲሱ ገና አልደረሰም። እንስቷ ወፍ እንቁላል ለመጣልና እንደ ወፉ ዓይነት ከሁለት ሳምንት ተኩል እስከ አራት ሳምንት ታቅፋ ለመቀመጥ የሚያስፈልጋትን ስብ የምታከማቸው በዚሁ ባዶ ወቅት ነው። ከስታ ጎጆ የገባች ወፍ የመጀመሪያው ጎጆዋ ቢበላሽ እንደገና ለመጣል አቅም ያጥራታል። ስለዚህ አደኑ ሲዘጋ መኖውንም አብሮ የሚያቋርጥ አዳኝ ገንዘቡን ያፈሰሰው ወፎቹ ብዙም በማይቸገሩበት ጊዜ ነው።

ከዚህ በታች ያለው በዋናነት መሬት ላይ ጎጆ ለሚሠሩ ወፎች፣ ማለትም ለቆቅ፣ ለጅግራ፣ ለድርጭት፣ ለፌዛንት (ዶሮን የሚያህል ረጅም ጅራት ያለው የአደን ወፍ) እና ለመሰሎቻቸው ይሠራል። የዱር ዳክዬ ነገር ስለሚለይ ለብቻው ተቀምጧል።

ከሁሉ በፊት ሕጉ

መመገብና በመኖ ማጥመድ በብዙ አገሮች ሕግ ተለያይተው የተቀመጡ ነገሮች ናቸው። መሬት ላይ የፈሰሰው እህል አንድ ዓይነት ቢሆንም፣ በላዩ ላይ መተኮስ ወንጀል ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ በአሜሪካ ስደተኛ ወፎችን በሚመለከተው የፌዴራል ደንብ መኖ የተበተነበት ቦታ እህሉ ሙሉ በሙሉ ከተነሣ በኋላም ለ10 ቀን እንደ ማጥመጃ ቦታ ይቆጠራል። በእርስዎ አካባቢ ያለውን ደንብ ከዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ ያግኙ። ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የትኞቹን ወፎች መመገብ ይፈቀዳል፤ ከመመገቢያው ምን ያህል ርቆ ማደን ይፈቀዳል፤ የወፍ ጉንፋን በታወጀ ጊዜ ምን ይከለከላል። በጥብቅ ክልል ውስጥ መመገብ ጨርሶ የሚከለከልበት ቦታ ብዙ ነው። የመሬቱ ባለቤት ሌላ ሰው ከሆነም አስቀድሞ ይስማሙ።

ሕጉ ቢፈቅድም እንኳ መመገቢያ አጠገብ አለመተኮስን እንመክራለን። ወፎቹ መመገቢያውን ከተኩስ ጋር ካያያዙት በጭንቁ ወቅት አይመጡም፤ የተደከመበት ሁሉ ያኔ ከንቱ ይሆናል።

መሬቱ መኖ ይፈልጋል ወይ?

መጠለያ የሌለው ቦታ ላይ መኖ ማፍሰስ ወፎችን ለጭልፊትና ለቀበሮ ማቅረብ ነው። መጀመሪያ ቦታውን በእግር ይዙሩ። ወፍ ሮጦ የሚገባበት እሾሃማ ቁጥቋጦ ወይም ረጅም ሣር፣ አቧራ የሚታጠብበት ባዶ መሬት፣ በቅርብ ርቀት ውኃ ወይም ጤዛ የሚይዝ ለምለም ነገር መኖሩን ይዩ። ቁጥቋጦው ከሌለ የዘንድሮ ገንዘብዎን ችግኝ ላይ ያውሉት፤ እህሉ ለሚቀጥለው ይቆይ።

የወፎቹን ሁኔታ ለማወቅ ከሁሉ የሚሻለው ምስክር በአደኑ ማብቂያ ላይ ወደ ምሽት የተመታ ወፍ ነው። አንገቱ ሥር ያለውን የእህል ከረጢት በቢላዋ ሰንጥቀው ነጭ ሳህን ላይ ይገልብጡት። ዘርና ነፍሳት ተቀላቅለው ከወጡ ቦታው ገና አልተራቆተም። ቅጠልና የሣር ጫፍ ብቻ ከሆነ ዘሩ አልቋል ማለት ነው። ከዚያ የደረቱን አጥንት በአውራ ጣት ይዳስሱ፤ በሁለቱም ጎን ሥጋው ሞላ ብሎ ከተሰማዎ ወፉ ደህና ነው፣ አጥንቱ እንደ ቢላዋ ስለት ጎልቶ ከወጣ ግን ከስቷል። ያገኙትን በቀንና በቦታ ጽፈው ይያዙ።

የትኛው እህል?

*ማሽላ* ለትንንሾቹ፣ በተለይ ለድርጭትና ለቆቅ፣ ተመራጭ ነው። ፍሬው ለአፋቸው ይመጠናል፤ መሬት ላይ ሲበተንም ቶሎ አይበሰብስም።

*ስንዴ* ለሁሉም ይስማማል፤ ከበቆሎ የተሻለ ፕሮቲን አለው፣ ከመመገቢያም ሳይቆራረጥ ይወርዳል።

*በቆሎ* ኃይል ሰጪነቱ ከፍ ያለ ስለሆነ ለብርዱ ጊዜ ጥሩ ነው። ችግሩ ሁለት ነው። ሙሉው ፍሬ ለድርጭት ይተልቃል፤ የተከካው ደግሞ እርጥበት ሲነካው በጥቂት ቀን ይሻግታል። ለጅግራና ለፌዛንት ሙሉውን ያቅርቡ። ክክ የሚጠቀሙ ከሆነ በአንድ ቀን ከሚያልቀው በላይ አይበትኑ።

*ገብስ* ጭረቱ ስለሚያስቸግራቸው የመሬት ወፎች ሌላ እያለ አይመርጡትም። ለዳክዬ ግን ጥሩ ነው።

ጥሬ አኩሪ አተር አያቅርቡ፤ ሳይበስል ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ንጥረ ነገር አለው። ዳቦ፣ ጨው ያለበት ትርፍራፊና የወፍጮ ቤት ጥራጊም አይሆኑም። ጥራጊ ውስጥ የአረም ዘር ይበዛል፤ ወፎቹን መግበው ማሳውን አረም ያስወርሱታል።

ከሁሉ የከፋው በመድኃኒት የታሸ የዘር እህል ነው። የተፈጥሮው ያልሆነ፣ የተቀባ ቀይ፣ ሮዝ ወይም ሰማያዊ ቀለም ያለው እህል ለመዝራት የተዘጋጀ ነው፤ ፀረ ነፍሳት ከታሸበት ጥቂት ፍሬው ብቻ ወፍ ሊገድል ይችላል። ማጠብ አያድነውም። ከዘር የተረፈ ርካሽ እህል ሲቀርብልዎ ከረጢቱን ፈትተው ቀለሙን ሳያዩ አይግዙ፤ መድኃኒት የታሸ ዘር የነበረበትን ጆንያም ለመኖ አይጠቀሙ።

ሻጋታ

አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ የሚያመርተው ሻጋታ በቆሎና ኦቾሎኒ ላይ በቀላሉ ይራባል። በ1960 በእንግሊዝ ከ100,000 በላይ የተርኪ ጫጩቶች በተበከለ የኦቾሎኒ መኖ ምክንያት አልቀው ነበር፤ መርዙ ተለይቶ የታወቀውም ያንን ተከትሎ በተደረገ ምርመራ ነው። መርዙ ራሱ አይታይም፣ አይሸትም፤ ማጠብም ሆነ ማሞቅ አያጠፋውም። በብዛት የሚገዙ ከሆነ ምርመራ ያስደርጉ፤ በኪሎ ከ20 ማይክሮግራም በላይ የተገኘበትን አይቀበሉ።

መከላከያው ድርቀት ነው። እህሉ ሲከማች እርጥበቱ ከ13 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። መለኪያ ከሌለዎ ደረቅ ጠርሙስ ሲሶውን እህል ይሙሉ፤ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ በደንብ የደረቀ ጨው ይጨምሩ፤ ከድነው አንድ ደቂቃ ይነቅንቁትና ጥቂት ያቁሙት። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ እህሉ ወደ ፀሐይ ይመለስ። ጆንያውን ከወለሉ በእንጨት ርብራብ ከፍ፣ ከግድግዳውም አንድ ክንድ ራቅ አድርገው ይደርድሩ። የገዙበትን ቀን ይጻፉበት፤ የቆየው ይቅደም።

ስንት ይበቃል?

የአንድ ወፍ ሙሉ የቀን ፍጆታ በግምት ይህን ይመስላል፦ ድርጭት ከ15 እስከ 20 ግራም፣ ቆቅን የሚያህል ወፍ ከ30 እስከ 40 ግራም፣ ፌዛንትና ጅግራ ከ60 እስከ 90 ግራም። የሚያቀርቡት ተጨማሪ መኖ ስለሆነ ግማሹን ይዘው ይጀምሩ። 30 ቆቅ ያለበት ቦታ 30 ሲባዛ በ35፣ ወደ 1 ኪሎ ይመጣል፤ ግማሹ 500 ግራም ነው፤ በሳምንት 3.5 ኪሎ። ሌሎች ወፎችና አይጦች ለሚወስዱት አንድ አምስተኛ ይጨምሩ፤ ወደ 4.2 ኪሎ ይደርሳል።

ከዚያ በኋላ ስሌቱን የሚያርመው መሬቱ ነው። በሁለተኛው ቀን ፍሬ ካልቀረ በሩብ ይጨምሩ። በአራተኛው ቀን መሬት ላይ ያበጠ ወይም የበቀለ ፍሬ ካዩ አብዝተዋል፤ በግማሽ ይቀንሱ። ወፎቹ ቀኑን ሙሉ ከመመገቢያው የማይርቁ ከሆነም በዝቷል፤ ተጨማሪ መኖ የሚበላ ወፍ አብዛኛውን ጊዜውን በመጫር ማሳለፍ አለበት።

መበተን ወይስ መመገቢያ?

በየሁለት ሦስት ቀኑ መመላለስ ከቻሉ ይበትኑ። ገለባ ወይም አጭር ሣር ባለበት፣ በቁጥቋጦ ጥግ ጥግ በሚጠማዘዝ ቀጭን መስመር በ100 ሜትር ላይ 1.5 ኪሎ ያህል ይዝሩ። ፍሬው ገለባ ውስጥ ስለሚገባ ወፎቹ ይጭሩለታል፣ ይበታተናሉ፣ ኩሳቸው አንድ ቦታ አይከማችም፣ ጉልበተኛው ደካማውን አያባርርም። ለድርጭት ከመመገቢያ ይልቅ መበተኑን እንመርጣለን፤ አዳኝ አራዊት ድርጭቶቹ የሚገኙበትን አንድ ነጥብ ለይተው እንዳያደቡ ያደርጋል። የመስመሩን ቦታ በየጊዜው ይለውጡ። በመኪና መንገድ ላይ ግን አይበትኑ።

መመላለስ የማይችሉ ከሆነ፣ ወይም ዝናብና በረዶ የሚበዛ ከሆነ፣ መመገቢያ ያስፈልጋል።

በተገለበጠ ጀሪካን መመገቢያ መሥራት

ጠፍጣፋ ታች ያለው ባልዲ በጥጋጥጉ እህል ያስቀራል፤ ያ እህል ይሻግትና ከላይ የሚጨመረውን ያበላሻል። የተገለበጠ ክብ ጀሪካን ግን ትከሻው እንደ ማንቆርቆሪያ ስለሚያገለግል ፍሬው ሁሉ ይወርዳል። የሚያስፈልገው፦ የምግብ ዘይት ወይም ውኃ የነበረበት 20 ሊትር ጀሪካን (ኬሚካል የነበረበት በፍጹም አይሁን)፣ 3 ሚሊ ሜትር የማይዝግ ሽቦ 2 ሜትር ያህል፣ 1 ሜትር ርዝመት ያላቸው ሦስት ፌሮዎች፣ ማሰሪያ ሽቦ፣ ከጀሪካኑ በሁሉም በኩል 10 ሴንቲ ሜትር የሚተርፍ ቆርቆሮ፣ ፒንሳ፣ ሰጌቶና ትራፓኖ።

1. ጀሪካኑን በሳሙና አጥበው በደንብ ያድርቁት። ቂጡን በሰጌቶ በሦስት ጎን ቆርጠው በአንዱ ጎን ይተዉት፤ ሲገለበጥ የመሙያ በር ይሆናል።

2. ሽቦውን የጀሪካኑን አፍ በሚያህል ቱቦ ላይ አጥብቀው ጠምጥመው 12 ዙር ያህል ሞላ ያውጡ። ከላይ ያሉትን ሁለት ዙሮች ከአፉ ሰፋ ያድርጓቸው፤ ሞላው አፉ ላይ ተንጠልጥሎ የሚቀረው በእነሱ ነው። የታችኛውን ጫፍ እያጠበቡ ፍሬ እስከማያሳልፍ ይዝጉት።

3. ሞላውን ትንሽ ይሳቡት። በዙሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ፍሬው ጫፉን አውጥቶ የሚቆምበት፣ በራሱ ግን የማይወድቅበት መሆን አለበት። ይህ ከሥራው ሁሉ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ቦታ ነው። ለማሽላና ለስንዴ 3 ሚሊ ሜትር ላይ ጀምረው ያስተካክሉ፤ በቆሎ ሰፊ ይፈልጋል። ጀሪካኑን ሞልተው በሁለት እጅ ይነቅንቁት፦ እየፈሰሰ ካልቆመ ሰፍቷል። በጣት ሲነኩት ሁለት ሦስት ፍሬ ብቻ ጠብ ካለ ልክ ነው። ምንም ካልወረደ ወፉም አያወርደውም።

4. ፌሮዎቹን በጀሪካኑ ዙሪያ በማሰሪያ ሽቦ አጥብቀው 30 ሴንቲ ሜትር መሬት ውስጥ ይትከሉ። የሞላው ታች ወፉ ቆሞ አንገቱን ቀና በማድረግ የሚደርስበት ከፍታ ላይ ይሁን፦ ለቆቅ 25 ሴንቲ ሜትር፣ ለፌዛንትና ለጅግራ ከ35 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር አካባቢ።

5. ቆርቆሮውን በትንሹ አዝምመው ከላይ ይሰሩት፤ ነፋስ እንዳያነሣው በሽቦ ይታሰር። ጫፉ ስለታም ከሆነ ወደ ውስጥ ይጠፍ።

20 ሊትር ወደ 15 ኪሎ ስንዴ ይይዛል። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ግን ሩቡን ብቻ ይሙሉ። ሥሩ ላይ አንድ እፍኝ እህልና ገለባ ይበትኑ፤ ወፎቹ መሬቱን ሲጭሩ ሞላውን በድንገት ነክተው ፍሬ ሲወርድ ያያሉ፣ ከዚያ በኋላ ሌላ ማስተማር አያስፈልግም።

የት ይተከል?

ከቁጥቋጦው ከ3 እስከ 5 ሜትር ርቆ፣ ዙሪያውን 2 ሜትር ያህል አጭር ሣር ባለው ቦታ። ከዚህ ከቀረበ ድመትና ቀበሮ ቁጥቋጦው ውስጥ አድብተው ይዘላሉ፤ ከራቀ ደግሞ ጭልፊት ይቀድማል። ጭልፊት የሚያርፍበት ደረቅ ዛፍ ወይም ምሰሶ በላዩ እንዳይኖር። ውኃ የሚቋጥር ረባዳ ቦታም አይሁን።

በመንጋ በሚንቀሳቀሱበት ወቅት ከ10 እስከ 15 ወፍ አንድ መመገቢያ ይበቃል። ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲለያዩ ግን ስሌቱ ይቀየራል፤ ወንዱ ክልሉን ስለሚጠብቅ ሌላው ጥንድ ወደዚያ መመገቢያ አይቀርብም። ያኔ መመገቢያዎቹን አነስ አድርጎ ማብዛትና አንዱ ከሌላው እንዳይታይ በቁጥቋጦ ጥግ መበተን ያስፈልጋል። ጎጆ የሚሠሩበት ረጅም ሣር መሀል ግን አይትከሉ፤ እህሉን ፍለጋ የሚመጡ እንስሳት እንቁላሉን ያገኙታል።

በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ከ10 እስከ 20 ሜትር ያንቀሳቅሱት። የተረገጠውና ኩስ የበዛበት አፈር ፀሐይ አግኝቶ ይረፍ።

ጠጠርና ካልሲየም

ወፍ ጥርስ ስለሌለው እህሉን የሚፈጨው ጡንቻማ ጨጓራው ውስጥ ባለ ጠጠር ነው። በበረዶ በተሸፈነ ወይም ድንጋይ በሌለው አፈር ላይ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠንካራ ጠጠር ከመመገቢያው ራቅ ብሎ በአንድ ሁለት እፍኝ ያኑሩ። እንቁላል መጣል ሲቃረብ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ወይም የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት በሌላ ቦታ ያስቀምጡ፤ ከእህሉ ጋር አይቀላቅሉት፣ የምትፈልገዋ ወፍ ለይታ ትወስዳለች።

መጀመርና ማቆም

የተፈጥሮ ዘሩ ሊያልቅ ሦስት አራት ሳምንት ሲቀረው ይጀምሩ። ከጀመሩ በኋላ መሀል ላይ ማቋረጥ ካለመጀመር ይከፋል፤ ወፎቹ በእህሉ ምክንያት ከሚችለው በላይ ሆነው የተሰበሰቡበት ቦታ ድንገት ባዶ ይሆናል። ስለዚህ የወቅቱ እህል በሙሉ በእጅ ሳይገባ አይጀመር። ጫፉ ላይ ሲደርሱ በአራት ሳምንት ውስጥ እየቀነሱ ያቁሙ፦ አንድ ሳምንት ሦስት አራተኛ፣ አንድ ሳምንት ግማሽ፣ ከዚያ ሩብ፣ ከዚያ ባዶ።

የማቆሚያው ምልክት አዲስ የሣር ዘርና ነፍሳት በብዛት መታየታቸው ነው። ጫጩቶች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሚያድጉት በነፍሳት ነው፤ የፈሰሰላቸው ስንዴ አይረዳቸውም። ያን ጊዜ የሚጠቅማቸው በማሳው ዳር ፀረ ነፍሳት ያልተረጨበት ጥቂት ሜትር ስፋት ያለው የአረምና የሣር ጠርዝ መተው ነው።

የሚበላሹ ነገሮች

*አይጥ።* ሥሩ ጉድጓድ፣ ሞላው ላይ የጥርስ ምልክት፣ ወይም በሌሊት የሚቀንስ እህል ካዩ አይጥ ገብቷል። ብዙውን ጊዜ መነሻው የሚፈሰው ትርፍ ነው። ክፍተቱን ያጥብቡ፣ የፈሰሰውን ጠርገው ይውሰዱ፣ የመመገቢያው እግሮች (ፌሮዎቹ) ላይ ሰፊው አፉ ወደ ታች የሆነ ሾጣጣ ቆርቆሮ ያስሩ፣ ቦታውንም ይለውጡ። የአይጥ መርዝ እዚያ አያስቀምጡ፤ ወፎቹም፣ የተመረዘውን አይጥ የሚበላው ጉጉትም ይሞታሉ።

*የዱር አሳማ፣ ከርከሮ፣ አጋዘን።* መመገቢያውን ይገለብጡታል። 15 ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ ባለው ጠንካራ የሽቦ መረብ በ3 ሜትር ርቀት ይክበቡት፤ ወፎቹ በቀዳዳው ያልፋሉ። ለጅግራ ቀዳዳው ሰፋ ይበል። ካልቆሙ እዚያ ቦታ መመገቡን ይተዉ።

*በሽታ።* ወፎች አንድ ነጥብ ላይ ሲሰበሰቡ ከአፍ ወደ አፍ፣ ከኩስ ወደ እህል መተላለፍ ይጀመራል። ትራይኮሞናስ የተባለው ተውሳክ በረጠበ እህልና በጋራ ውኃ ይተላለፋል፤ ሲደርቅ ቶሎ ይሞታል። አፉን ከፍቶ የሚያስልና አንገቱን የሚዘረጋ ወፍ የመተንፈሻ ቧንቧ ትል ሊኖርበት ይችላል፤ ዓይኑ ሥር ያበጠ ደግሞ ማይኮፕላዝማ የተባለው ባክቴሪያ። መመገቢያውን በየሁለት ሳምንቱ መጀመሪያ በሳሙና፣ ቀጥሎ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውኃ በጥብጠው ለ10 ደቂቃ ዘፍዝፈው፣ አለቅልቀው ፀሐይ ላይ ያድርቁ። የታመመ ወፍ ካዩ መመገቡን ያቁሙ፤ ወፎቹ መበታተናቸው ከምግቡ ይበልጣል። የሞቱ ወፎች ከተገኙ በባዶ እጅ ሳይነኩ ለእንስሳት ሕክምና ባለሥልጣን ያሳውቁ።

*ወፍ ካልመጣ።* በ10 ቀን ውስጥ ምልክት ከሌለ መጀመሪያ ሞላው አለመዘጋቱን፣ ቀጥሎ እህሉ አለመሽተቱን ይፈትሹ። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ቦታው ነው፤ አቧራ የታጠቡበትን ጉድጓድ ፈልገው ወደዚያ ያስጠጉት። እንቅስቃሴ ሲያይ ፎቶ የሚያነሣ ካሜራ ካለዎ ለሦስት ሌሊት ይስቀሉ፤ እህሉን ማን እንደሚበላ ያለ ግምት ያሳይዎታል።

ለዱር ዳክዬ

ዳክዬ የሚመገበው በአብዛኛው ሲመሽና ሌሊት ነው። ገብስ ከ15 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው የኩሬ ዳር፣ ታቹ ጠንካራ በሆነበት ይበተን፤ ጭቃ ውስጥ ከሰመጠ አያገኙትም። የሚበተነው ሌሊቱን የሚያልቅ ያህል ብቻ ነው። ጠዋት ገብተው በእጅ ዳብሰው ይዩ፤ የተረፈ ካለ በሚቀጥለው ምሽት አይጨምሩ። በሞቃት ወቅት ቆሞ በሚቀር ውኃ ውስጥ እህል መበስበስ ኦክስጅኑን ይጨርሳል፣ ዳክዬን አንገቱን አላልቶ የሚገድለው ቦቱሊዝም ለሚነሣበትም ሁኔታ ያመቻል፤ ስለዚህ ውኃው ሲሞቅና ሲጎድል እዚያ ኩሬ ላይ ምንም አይበተን። የሞተ ዳክዬ ከተገኘም ሬሳው በዚያው ቀን በጓንት ይነሣ፤ በላዩ የሚፈሉት ትሎች መርዙን ወደሚበላቸው ዳክዬ ያሸጋግራሉ።